ሣር ሲመዘን

አንድ ሄክታር መሬት በዓመት ስንት ቶን መኖ ይሰጣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የየአገሩ የግብርና ተመራማሪዎችም መልስ አላቸው። መልሶቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ ግራ ይጋባል። ከኒውዚላንድ የሚመጣው ቁጥር ከማሊው አሥር እጥፍ ይበልጣል። በፖርቶ ሪኮ የሙከራ ማሳ ላይ የተመዘገበው ደግሞ ከኒውዚላንዱም በብዙ እጥፍ ይልቃል፤ በወተት ንግድ ዓለም የሚያውቀው ግን ኒውዚላንድን ነው። በዚህ ዳሰሳ የምሟገተው፣ የመኖ ምርት በቶን ብቻ ሲነጻጸር አሳሳች እንደሚሆን ነው። ሣሩ በየትኛው ወቅት እንደተገኘ፣ ከብቱ ሆድ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚፈጭ፣ በማን ውሃ እንደለማና የመጋጥ መብቱ የማን እንደሆነ ካልተነገረ፣ ቁጥሩ ለዕቅድ አይበጅም። 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ላላት ኢትዮጵያ ይህ የኑሮ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሚዛኑ። ለምለም ሣር ከክብደቱ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ስለሆነ፣ ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ውሃው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ደረቅ ክብደት ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ6 ኪሎ በላይ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በዓመት 2.3 ቶን ገደማ ይሆናል። ከዚህ ተነስቶ "ይህ ቀበሌ ይህን ያህል ቶን ሣር ስላለው ይህን ያህል ከብት ይችላል" ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን በግጦሽ መሬት ላይ ከበቀለው ሁሉ ከብቱ የሚያገኘው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉን ነው፤ የተቀረው ይረገጣል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ እሳት ይወስደዋል፣ ወይም ሥሩ እንዲያንሰራራ መተው አለበት። ይህንን ሳይቀንስ የተሠራ የመኖ ስሌት መንደሩን ጥጋብ ላይ ያለ አስመስሎ ያሳያል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስሌት የዓለም ከብቶችና ዶሮዎች በዓመት 6 ቢሊዮን ቶን ያህል ደረቅ መኖ ይበላሉ። ከዚህ ውስጥ 86 በመቶው ሰው የማይበላው ነው፤ ሣርና ቅጠል 46 በመቶ፣ የሰብል ተረፈ ምርት 19 በመቶ፣ እህል 13 በመቶ፣ ለመኖ ተብሎ የሚዘራው ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። ለግጦሽ ከሚውለው 2 ቢሊዮን ሄክታር ገደማ ሊታረስ የሚችለው ሲሶው ብቻ ነው። እርባታ ሁሉ የሰውን እህል ይሻማል ለሚለው ክርክር ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ለየአገሩ ግን ብዙም አይነግረንም፤ የአማካዩን መኖ የሚበላ ከብት የትም የለም።

ስለ ሣር ሲወራ ሁሉም ምሳሌ የሚያደርጋቸው ኒውዚላንድና አየርላንድ ናቸው። ሁለቱም በባሕር የተከበቡ፣ ክረምታቸው ለዘብ ያለ፣ ዝናባቸው ዓመቱን ሙሉ የሚዳረስ አገሮች ናቸው። በጥሩ እርሻ ላይ ራይግራስ የሚባለው ሣርና ነጭ ክሎቨር አብረው ተዘርተው በሄክታር ከ12 እስከ 18 ቶን ደረቅ ሣር ይሰጣሉ፤ ሣሩ ለጋ ሳለ ከተጋጠ ከሦስት አራተኛው በላይ ይፈጫል። ዋናው ብልሃታቸው ግን መለካት ነው። የአየርላንድ ገበሬ በየሳምንቱ ማሳውን ዞሮ የሣሩን መጠን ይገምትና የአገሪቱ የግብርና ምርምር ተቋም ቴጋስክ በሚያስተዳድረው የመረጃ ቋት ያስገባል፤ ላሞቹ ነገ የትኛው ማሳ እንደሚገቡ የሚወሰነው በዚያ ነው። የጥጆቹ መወለጃ እንኳን ሣሩ ከሚያቆጠቁጥበት ወር ጋር እንዲገጥም ተደርጓል። በእኔ ግምት ከእነዚህ አገሮች መውሰድ የሚገባን የሣሩን ዘር ሳይሆን ይህንን ልማድ ነው፤ ሣሩስ ለእኛ ቆላ አይሆንም።

ከዚህም ጋር የተሰወረ ነገር አለ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ጸደዩ ዘግይቶባት ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ድርቆሽ አስመጥታለች፤ በ2018 ደግሞ ድርቅ መታት። ኒውዚላንድም በአንዳንድ ዓመታት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ የዘንባባ ፍሬ ፋጉሎ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ገዝታለች፤ በሌላ አባባል ከላሞቿ መኖ ከፊሉ የሚበቅለው በሌላ አገር መሬት ላይ ነው። ማዳበሪያው የከርሰ ምድር ውሃን ስለበከለ፣ መንግሥት ከ2021 ጀምሮ በግጦሽ መሬት ላይ የሚጨመረው የፋብሪካ ናይትሮጂን በሄክታር ከ190 ኪሎ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ወደ ሞቃቱ ዓለም ስንመጣ ቶኑ ይጨምራል። የዝሆን ሣር በቂ ውሃና ማዳበሪያ ሲያገኝ የሚስተካከለው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፖርቶ ሪኮ በተደረገ ሙከራ በሄክታር 900 ኪሎ ገደማ ናይትሮጂን ተሰጥቶት በዓመት 85 ቶን ገደማ ደረቅ ክብደት ተመዝግቧል። ነገር ግን ይህ ሣር ሲረዝም ግንዱ ይጠነክራል፣ እንጨት እንጨት ይላል፤ የመፈጨት አቅሙና ፕሮቲኑ ይወርዳል። የሚያመሰኳ ከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ለሥራቸው ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ከመኖው ደረቅ ክብደት 7 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ካልሆነ ሥራቸው ይዳከማል፤ መኖው ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ከብቱም መብላቱን ይቀንሳል። ደረቅ ሣር በሞላበት ሜዳ ላይ ከብት የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው በሳህል የተደረገው ምርምር ነው፤ በዚህ መስክ ከተሠራው ሁሉ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ በኋላ የማሊና የኔዘርላንድ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በማሊ የግጦሽ መሬቶች ላይ አብረው ሠሩ፤ ውጤቱም በ1982 በመጽሐፍ ታተመ። ከዚያ በፊት የታወቀው ሕግ ዝናብንና ሣርን በቀጥታ የሚያያይዝ ነበር፤ በደረቅ አገሮች አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአማካይ በሄክታር 4 ኪሎ ያህል ደረቅ ሣር ያበቅላል። 300 ሚሊሜትር ለሚያገኝ ቦታ 1,200 ኪሎ መሆኑ ነው። የማሊው ጥናት ያገኘው ግን፣ በበረሃው ጠርዝ ሣሩን የሚገድበው ውሃ ቢሆንም፣ ወደ ደቡብ ወርዶ ዝናቡ ከ300 ሚሊሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ የሚያንሰው የአፈሩ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ መሆኑን ነው። ውሃ ተርፎ አፈሩ ይራባል።

ውጤቱ ለማንም የመንግሥት ዕቅድ አውጪ የሚያስደነግጥ ነው። በሰሜን ሣሩ ጥቂት ነው፤ ግን ፕሮቲኑ ከ10 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። በደቡብ ሣሩ ከሰው ቁመት ይደርሳል፤ ሲደርቅ ግን ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የፉላኒ አርብቶ አደር በክረምት መንጋውን ወደ ሰሜኑ አነስተኛ ሣር የሚነዳው፣ በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብና ወደ ኒጀር ወንዝ ረግረግ የሚመልሰው በልማድ ተይዞ ብቻ አይደለም። ጥራትን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከዚሁ ጥናት የተነሳና በ1983 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ በወቅት የሚዘዋወሩት የሳህል መንጋዎች በሄክታር የሚያስገኙት የእንስሳት ፕሮቲን፣ ተመሳሳይ ዝናብ ካላቸው የአሜሪካና የአውስትራሊያ እርባታ ጣቢያዎች እንደማያንስ፣ እንዲያውም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከዚህ በኋላ "አርብቶ አደሩን ማስፈር መሬቱን ምርታማ ያደርጋል" የሚል ሁሉ ይህን ማስረጃ የማስተባበል ግዴታ አለበት። እስካሁን አጥጋቢ መልስ የሰጠ አላየሁም።

መዘዋወር ግን ሕግ ይፈልጋል። በኒጀር ወንዝ ውስጠኛ ዴልታ ውሃው ሲሸሽ ብቅ የሚለው ቡርጉ የተባለ ሣር ለበጋ የሚደርስ ውድ መኖ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማሲና መንግሥት የትኛው መንጋ በየት መንገድ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚገባ ደንግጎ ነበር። እኛም ከዚህ የሚወዳደር አለን። መንዝ ላይ በጓሳ ደጋ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሣርማ ምድር በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የተጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር፤ ማኅበረሰቡ አለቃ መርጦ ሣሩ እስኪጠና ድረስ ለዓመታት መሬቱን ይዘጋ፣ ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍት፣ የጣሰውን ይቀጣ ነበር። የመሬት ባለቤትነቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲለወጥ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጥበቃው በሌላ መልክ ቢቀጥልም የጓሳው መሬት በግጦሽና በአጨዳ ብዙ ጫና ደርሶበታል። ሣር በቶን ሲቆጠር ይህ ዓይነቱ ደንብ በሰንጠረዡ ላይ አይታይም፤ ቶኑን የሚያቆየው ግን እሱ ነው። ትግራይ ውስጥ ተከልለው ያገገሙት ተራሮችም ዛሬ መኖ የሚሰጡት፣ ከብት እንዳይገባና ሣሩ ታጭዶ እንዲወሰድ መንደሩ በተስማማበት መተዳደሪያ ደንብ ነው።

ወቅት ሲጠፋ የሚሆነውን ቦረና በቅርቡ አይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በኢትዮጵያ ድርቅ በመታቸው አካባቢዎች ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አለቁ። ሞንጎሊያም በረዶ ሣሩን ሸፍኖ ሲቆልፍበት ተመሳሳይ እልቂት ይደርስባታል፤ ዙድ ይሉታል፣ በ2009 እና 2010 መካከል በነበረው ክረምት ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት አልቆባታል። በሁለቱም አገር አማካይ የዓመት ምርት ደህና ሊመስል ይችላል። ከብት የሚሞተው ግን ሣር በሚጠፋበት ክፍተት ነው። ለዚህ ነው ከ2010 ጀምሮ በኬንያ ማርሳቢት፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በቦረና የተሞከረው የከብት መድን ትኩረት የሚገባው፤ ሳተላይት የምድሩን አረንጓዴነት እየለካ ከተለመደው በጣም ሲወርድ ክፍያ ይሰጣል። በእርግጥ ሳተላይቱ አረንጓዴውን እንጂ የሚበላውን አይለይም። የማይበላ ቁጥቋጦ የወረረው መሬት ከሰማይ ሲታይ ለምለም ነው፤ በቦረናና በአፋር ደግሞ ይህ ቁጥቋጦ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ገለባ። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ግጦሽ ከዓመት ዓመት እየታረሰ ስለጠበበ፣ በስታቲስቲክስ ጥናቶች መሠረት ከመኖው ከግማሽ በላዩ አሁንም ግጦሽ ቢሆንም ሲሶው ገደማ የሰብል ተረፈ ምርት ነው፤ የተሻሻለ መኖ የሚባለው 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ሕንድም እንደዚሁ ናት። የዓለም አንደኛ ወተት አምራች ሆና ሳለ ለመኖ ሰብል የምትመድበው ከሚታረሰው መሬት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የተቀረው መኖዋ በአብዛኛው ገለባ፣ አገዳና ፋጉሎ ነው። ለእኛ ከኒውዚላንድ ይልቅ የምትቀርበው እሷ ናት።

በሕንድ የማሽላ አገዳ ራሱን የቻለ ገበያ አለው። ተመራማሪዎች በሃይደራባድ የአገዳ ነጋዴዎችን ዋጋ ተከታትለው ናሙናውን በቤተ ሙከራ ሲፈትሹ፣ 47 በመቶ ከሚፈጨው አገዳ ይልቅ 52 በመቶ የሚፈጨው በሩብ ያህል እንደሚወደድ አገኙ። ገዢው ቤተ ሙከራ የለውም፤ በዓይኑ፣ በእጁና በላሟ ወተት ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ የማሽላ አዳቃዮች የአገዳውንም ጥራት መመዘን ጀምረዋል።

የእኛ ገበሬም ይህን ሁልጊዜ ያውቃል። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ገለባ እንደሚሻል፣ የጓያና የባቄላ ገለባ ለወተት ላም እንደሚቀመጥ ለማንም አይነገርም። ምርታማ የተባለ አጭር ዝርያ ሲቀርብለት "ገለባውስ?" ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ለዓመታት ይህ ጥያቄ እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጠር ኖሯል። አንድ የስንዴ ዝርያ ሲለቀቅ የእህሉ ኩንታል ብቻ የሚነገርበት አሠራር የገበሬውን ግማሽ ምርት ከሒሳብ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ገለባን በዩሪያ ማከም ሌላው መንገድ ነው፤ ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ፣ አየር እንዳይገባ ሸፍኖ ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። ፕሮቲኑም መፈጨቱም ይጨምራል። ግን ገበሬው ለማሳው ዩሪያ ባጣበት ዓመት ለገለባው አይሰጥም፤ ስለዚህ ዘዴው በየማሠልጠኛው ከመታየት አልፎ ብዙም አልተስፋፋም። በአንጻሩ ዝርያው ራሱ ጥሩ ገለባ ካለው ገበሬው ምንም አይጨምርም።

በመስኖ የሚለማ መኖ የራሱ ጣጣ አለው፤ ምሳሌው አልፋልፋ ነው። በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል ሸለቆ በረሃ ላይ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ ይታጨዳል። ውሃው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው በተፋሰሱ ሰው በቀጥታ ከሚጠቀመው ውሃ 46 በመቶውን የሚወስዱት አልፋልፋና ሌሎች የድርቆሽ ሣሮች ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ የከርሰ ምድር ውሃዋ እያለቀ መሆኑን አይታ አረንጓዴ መኖ በአገሯ እንዳይመረት ስትወስን፣ ትልቁ የወተት ኩባንያዋ አልማራይ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሪዞና መሬት ገዝቶ አልፋልፋውን በመርከብ ወደ ሳዑዲ መላክ ጀምሮ ነበር። ከጉድጓድ ለሚያወጣው ውሃ ገደብ አልነበረበትም፤ የአሪዞና ገዥ በ2023 ከኩባንያው ጋር የነበሩ የተወሰኑ የመሬት ኪራይ ውሎችን አቋርጠዋል። ሱዳን ውስጥም የኤምሬቶች ኩባንያዎች በዚሁ መንገድ አልፋልፋ አልምተዋል። የመኖ ምርት ዕድገት ተብሎ በአንድ አገር ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ቶን፣ በሌላ ዓይን ሲታይ የተሸጠ ውሃ ነው። እኛ በአዋሽ ወይም በዋቢ ሸበሌ ዳር የኤክስፖርት መኖ እናልማ የሚል ዕቅድ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ከቶኑ በፊት የውሃው ሒሳብ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ዘር ነው፤ ኢትዮጵያ ከማንም በላይ የምትናገርበት መስክ ነው። ብራዚል 160 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የግጦሽ መሬት አላት፤ የተዘራው አብዛኛው ሣር ብራኪያሪያ የሚባል የአፍሪካ ሣር ነው። በስፋት የተዘራው ማራንዱ መነሻው ዚምባብዌ ሲሆን የአገሪቱ የግብርና ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ እ.ኤ.አ. በ1984 ለቀቀው። ፒያታን የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 ከወለጋ ከተሰበሰበ ሣር የተመረጠ ነው፤ ሰሜኑ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በሚያልቅበት ጊዜ በምዕራብ ኢትዮጵያ ሣር ሲሰበሰብ ነበር ማለት ነው። ብራዚላውያን ከዚህ ትልቅ የከብት ኢንዱስትሪ ሠሩ። ሠርተውም ጥንቃቄ ስለጎደላቸው ሰፊ የግጦሽ መሬት ማዳበሪያ አጥቶ ደክሟል፣ ደንም ተመንጥሯል፤ በሄክታር የሚያግጡት በአማካይ አንድ ተኩል እንኳን የማይሞላ ከብት ነው። ሣሩ ግን የአፍሪካ፣ በከፊልም የእኛ ዘር ነው።

ዘሩ እዚህ አለ። አዲስ አበባ በሚገኘው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዘር ባንክ ከ18,000 በላይ የመኖ ተክሎች ናሙና ተቀምጧል። ከጨንቻ የተስፋፋው ደሾ ሣርም አገር በቀል ነው፤ በእርከን ላይ ተተክሎ አፈር ይይዛል፣ ከብት ይመግባል፤ ገበሬውም ሥሩን እየገነጠለ ለጎረቤቱ ስለሚሰጥ ዘር መግዛት አያስፈልገውም። ኬንያ ውስጥ የዝሆን ሣር በበሽታ ሲጠቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ጀምሮ ብራኪያሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሷል፤ የመጣው ግን በአብዛኛው ላቲን አሜሪካ ውስጥ ተመርጦ ወይም ተዳቅሎ በተሸጠ ዘር ነው። በምዕራብ ኬንያ ሙላቶ ሁለት የተባለው ዲቃላ ላይ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች ጉዳት ማድረሳቸው ታይቷል፤ እናት ምድሩ ላይ የሚጠብቁት ተባዮች ደቡብ አሜሪካ አልነበሩም። ስለዚህ ከዘር ባንኩ ናሙናዎች ውስጥ የወለጋውን፣ የጋሞውንና የባሌውን በራሳችን ተባይና በራሳችን በጋ ላይ ፈትሾ መምረጥ፣ ዘሩንም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ማባዛት ይቻላል። የመኖ ዘር የሚያባዙ ማኅበራት ዛሬ ጥቂቶች ናቸው፤ ገዢያቸውም በአብዛኛው የዕርዳታ ፕሮጀክት ስለሆነ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ማሳቸው ወደ እህል ይመለሳል። የክልል ግብርና ቢሮዎች ለስንዴ ዘር እንደሚያደርጉት ለመኖ ዘርም ቋሚ ግዢ ቢመድቡ ማኅበራቱ ለሚቀጥለው ክረምት ማሳቸውን ለሣር ያዘጋጃሉ።